ይግባኝ የሚባልባቸው 14 ቀናት

ባለፈው ሳምንት ከተራዊህ በኋላ አንዲት እናት መስጊዱ በር ላይ ጠብቀው፣ «ሸኽዬ፣ ልጄ ተመልሶ ታሰረ» አሉኝ። ልጃቸው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤት የተፈረደበትን እስራት ጨርሶ ከወጣ ዓመት አልፎታል። የአክስቱ ለቅሶ ላይ ለመድረስ ሳያስፈቅድ ሌላ ግዛት ሄዶ ተያዘ፤ ዳኛው 8 ወር ፈረዱበት። ዘመድ ሁሉ «አልቋል፣ ዱዓ አድርጉ» ብሏቸዋል። እኔ የጠየቅኳቸው ውሳኔው የተሰጠበትን ቀን ነው። ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ልጁ አፍሮ ሰባቱን ቀን ደብቋቸዋል።

እኔ የኪታብ ሰው እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም። ይህን ያወቅኩት ከዚህ በፊት አንድ የማውቀው ቤተሰብ ቀኑ ስላለፈበት ነው።

ነገሩ ከእኛ አገር አመክሮ ጋር ይምታታል። በእኛ የወንጀል ሕግ አመክሮ ታራሚው የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ሲፈጽም ቀሪውን ውጭ ሆኖ እንዲጨርስ የሚፈቀድበት ነው። የአሜሪካው «ሱፐርቫይዝድ ሪሊዝ» ግን እስራቱ ካለቀ በኋላ የሚጀምር፣ ዳኛው በተጨማሪነት የወሰኑት የክትትል ዘመን ነው። ልጁ «ጨረስኩ» ሲል ቤተሰቡ ያምናል፤ ግን አልጨረሰም። ያለ ፈቃድ ከፍርድ ቤቱ ክልል ከወጣ ዳኛው ያለ ጁሪ፣ ጥሰቱ መፈጸሙ ካለመፈጸሙ ይልቅ ያመዝናል ብለው ካመኑ መልሰው ያስሩታል። በክትትል ያሳለፈው ጊዜም ከአዲሱ እስራት አይቀነስለትም።

ይግባኝ የሚጠየቀው ውሳኔው በመዝገብ ከገባ በ14 ቀን ውስጥ ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ይግባኝ ማለቱን የሚገልጽ አጭር ማስታወቂያ ብቻ ነው፤ የሚገባውም ለወሰነው ፍርድ ቤት ነው። ክርክሩ በኋላ ይጻፋል። እስረኛ ራሱ ጽፎ በቀኑ ለእስር ቤቱ ፖስታ ካስረከበ ይቆጠርለታል። ጠበቃ መክፈል ላልቻለ ፍርድ ቤቱ ይመድብለታል።

እናቲቱ ስለ ልጃቸው ጠባይ የምስክርነት ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። ማሳዘኑ እዚህ ላይ ነው፤ ደብዳቤው የሚጠቅመው ውሳኔው ሳይሰጥ፣ በመጀመሪያው ችሎት ነበር። ሪችመንድ ያለው የይግባኝ ፍርድ ቤት ምስክር እንደ አዲስ አይሰማም፤ የሚያየው መዝገቡን ነው። ማስረጃው በቂ ነበር ወይ? የመሰከረበትን ሰው እንዲጠይቅ ተፈቅዶለታል? ቅጣቱስ ሕጉ ከሚፈቅደው ጣሪያ አልፏል? በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ዳኛ ክትትሉን ሲሰርዝ ለመጀመሪያው ወንጀል የበቀል ቅጣት መስጠትን ምክንያቱ ሊያደርግ እንደማይችል ወስኗል። ስለዚህ ዳኛው በችሎት የተናገሩት ቃል በቃል ይፈለጋል።

አልዋሸኋቸውም። ልጁ መሄዱን አምኗል፤ ይግባኙ እስራቱን በራሱ አያግድም፤ 8 ወሩም ከውሳኔው በፊት ሊያልቅ ይችላል። ከእስራቱ ቀጥሎ አዲስ የክትትል ዘመን ተወስኖበት ከሆነ ግን ያም ቢሆን ይግባኙ ይጠቅመዋል። ይግባኝ ማለትም አለማለትም የእሱ የራሱ ውሳኔ ነው፤ እናት ልትወስንለት አትችልም።

በሱሑር ሰዓት፣ እዚያ ገና ምሽት ሳለ፣ ልጁ ደወለላቸው። በማግስቱ እንደነገሩኝ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ነው የጠየቁት። «እፈልጋለሁ እማዬ፣ ነገ ለጠበቃው እነግረዋለሁ» አላቸው።

«ነገም ንገረው፤ አንተ ግን አሁኑኑ ወረቀት ፈልገህ ጻፍ» አሉት።