ዝቃጭ ውኃውን እንዴት ይለቃል?

ስለ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጠርቶ ወደ ወንዝ የሚለቀቀው ውኃ ነው። የጣቢያውን ሠራተኞች ይበልጥ የሚያደክማቸው ግን ከገንዳው ሥር የሚቀረው ዝቃጭ ነው። ዝቃጭ ይባል እንጂ ከገንዳው ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 97 ወይም 98 እጁ ውኃ ነው። አንድ ቶን ደረቅ ነገር በ98 በመቶ ውኃ ውስጥ ሲሆን በጠቅላላው 50 ቶን ይመዝናል። ውኃውን ወደ 80 በመቶ ማውረድ ከተቻለ የሚቀረው 5 ቶን ብቻ ነው። ያን ጊዜም አራት አምስተኛው ውኃ ቢሆንም ዝቃጩ መፍሰሱን ትቶ በአካፋ ይዛቃል። ለማጓጓዣ የሚወጣው ነዳጅና ገንዘብ የሚቀንሰው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ለምን ዝም ብሎ አይጨመቅም? ዝቃጩ በአብዛኛው ባክቴሪያና ከእነሱ የሚወጣ ዝልግልግ ነገር ነው። ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅ ናቸው፤ ሁሉም አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌት ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ውኃውም በመካከላቸው ተይዞ ይቀራል። እንዲሁ ቢጫኑት የማጣሪያውን ጨርቅ ይደፍነዋል ወይም ሾልኮ ያልፋል። በሴሎቹ ውስጥ ያለውን ውኃ ደግሞ መጭመቂያ አያወጣውም፤ እሱ ሙቀት ይፈልጋል።

ለዚህ መላው ፖሊመር የሚባል ኬሚካል ነው። አዎንታዊ ሙሌት ያለው ፖሊመር በውኃ ሟሙቶ ዝቃጩ ላይ ሲጨመር ቅንጣቶቹን እየሳበ ያያይዛል። በብርጭቆ ሲሞክሩት ለውጡ በዓይን ይታያል፦ ወጥ የነበረው ጥቁር ቡናማ ፈሳሽ እንደ አይብ ይቋጠርና በቋጠሮዎቹ መካከል የጠራ ውኃ ብቅ ይላል። ልኩን ማወቅ የባለሙያው ጥበብ ነው። ሲያንስ አይቋጥርም፤ ሲበዛ ጨርቁ ላይ ይጣበቃል፤ በኃይል ካማሰሉት ደግሞ ቋጠሮው ይበተናል። ከዚያ በኋላ ዝቃጩ በሁለት ጨርቆች መካከል በሮለር ይጨመቃል፣ ወይም በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ በሚሽከረከር ሴንትሪፉጅ ውስጥ ይገባል።

ማሽን የሌለበት ቦታ የአሸዋ መደብ አለ። በአዲስ አበባ የቃሊቲና የኮተቤ ጣቢያዎች ዝቃጭን በፀሐይ ሲያደርቁ ኖረዋል። ከታች ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ ይነጠፋል፤ ዝቃጩ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይፈስበታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውኃው ወደ ታች ይንጠፈጠፋል፤ ከዚያ ሥራው የፀሐይና የነፋስ ነው። ገጹ ሲሰነጣጠቅ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ክረምት ላይ ስንጥቁ ሌላም ጥቅም አለው፦ ዝናቡ በእሱ በኩል ወርዶ ወደ አሸዋው ያልፋል። ገና ትኩስ የሆነ ዝቃጭ ላይ ከዘነበ ግን ውኃው ላዩ ላይ ይተኛል፤ ማድረቁም ይጓተታል። ነፋስ የማይከለክል ብርሃን አስተላላፊ ጣሪያ ይህን ችግር ያቃልላል።

መሬትና ፀሐይ ያለው ከተማ ወደ ማሽን ከመሮጡ በፊት መደቡን በደንብ ቢይዝ እመርጣለሁ። ፖሊመሩም መለዋወጫውም ከውጭ የሚመጣ ከሆነ፣ አንዱ ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል። መሬት የተወደደበት ከተማ ግን ማሽኑን መሸሽ አይችልም።

በየትኛውም መንገድ ቢሆን ከዝቃጩ የወጣው ውኃ ንጹሕ አይደለም። አሞኒያ ስለሚበዛበት ወደ ማጣሪያው መግቢያ ይመለሳል። የደረቀውም ቢሆን ወዲያው ማሳ ላይ አይበተንም፤ የወስፋት እንቁላል በውስጡ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያልና። ለማዳበሪያ የሚፈለግ ከሆነ ተከምሮ በራሱ ሙቀት እስኪበስል ወይም ለረጅም ጊዜ ተከማችቶ እስኪቆይ መጠበቅ አለበት።