«ግባ እንጂ ሥራው ሞልቷል»፦ የአሜሪካ ተማሪ ሥራ፣ ተረትና እውነታ

የተማሪ ቪዛ ተመቶለት ቦሌ የሚሸኝ ልጅ አንድ ምክር አይቀርለትም። «አንተ ግባ እንጂ ሥራው ሞልቷል፤ እየሠራህ ትከፍላለህ» ይለዋል አጎቱ በስልክ ከማዶ። ምክሩ ከፍቅር ነው። አጎትየው ግን የገባው በዲቪ ነው፤ በዲቪ የገባ ሰው በሳምንቱ ፓርኪንግም ሆቴልም ቢቀጠር የሚከለክለው የለም። በኤፍ 1 ቪዛ የገባ ተማሪ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው። ከታች ያሉት ተረቶች አብዛኞቹ የሚወለዱት ሁለቱ ወረቀቶች ሲምታቱ ነው።

ተረት፦ የትምህርቱን ክፍያ ሥራው ይሸፍነዋል።

እውነታ፦ ትምህርት ባለበት ጊዜ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚቻለው ሥራ ካምፓስ ውስጥ፣ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። ሁለት ቦታ ቢሠራም ድምሩ ከዚያ አያልፍም፤ ሙሉ ሰዓት የሚቻለው ትምህርት ሲዘጋ ነው። የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ 7.25 ዶላር ነው፤ ከዚህ በላይ እንዲከፈል የሚያዝዙ ክፍለ ግዛቶች ብዙ ናቸው። በዝቅተኛው ብናሰላው በሳምንት 145 ዶላር፣ በ30 የትምህርት ሳምንታት 4,350 ዶላር ይሆናል። አስቤዛና ስልክ ይደጉማል፤ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ግን አይሸፍንም። ትምህርት ቤቱ አይ-20 የተባለውን ቅጽ ከመስጠቱ በፊት የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ አሳይ የሚለውም ለዚህ ነው።

ተረት፦ ሶሻል ካወጣሁ የትም እሠራለሁ።

እውነታ፦ ሶሻል የሚባለው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ነው እንጂ የሥራ ፈቃድ አይደለም። ለተማሪው የሚሰጠው ካርድ ፊቱ ላይ በትልልቅ ፊደል፣ ለሥራ የሚያገለግለው ከአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ጋር ብቻ እንደሆነ ታትሞበታል። ለካምፓስ ሥራ ቅደም ተከተሉም ብዙዎች ከሚያስቡት የተገለበጠ ነው፦ መጀመሪያ ሥራው ይገኛል፣ ቀጣሪውና የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ነው ቁጥሩ የሚጠየቀው።

ተረት፦ በካሽ ከሆነ ወይም ኡበር ከሆነ አይቆጠርም።

እውነታ፦ ይቆጠራል። ሕጉ የሚያየው ተከፍሎት መሥራቱን ነው፤ በቼክ ይሁን በእጅ፣ ተቀጥሮ ይሁን በራሱ መኪና ለውጥ የለውም። ያለፈቃድ የሠራ ተማሪ ሕጋዊ የተማሪነት አቋሙን ያጣል። ሌላም ጣጣ አለው። የምግብ ቤቱ ባለቤት «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያለ ደመወዙን ቢያንከባልልበት፣ ለሠራበት መጠየቅ በሕግ መብቱ ሆኖ ሳለ ልጁ እንዳልጋለጥ ብሎ አፉን ይዘጋል።

ተረት፦ የካምፓስ ሥራ ለዜጎች ብቻ ነው።

እውነታ፦ ይህን ተረት የወለደው «ወርክ ስተዲ» የሚለው ቃል ነው። በመንግሥት የትምህርት ድጎማ የሚከፈል ስለሆነ የውጭ ተማሪ አይገባበትም። ማስታወቂያው ላይ ይህ ቃል ከሌለ ግን መጠየቅ ነው፦ ላይብረሪ መጽሐፍ መደርደር፣ ካፍቴሪያ ማስተናገድ፣ ጂም በር ላይ መታወቂያ ማየት፣ ፕሮፌሰር ማገዝ።

ተረት፦ ከካምፓስ ውጭ ጭራሽ አይቻልም።

እውነታ፦ በፈቃድ ይቻላል። አብዛኛውን ጊዜ አንድ የትምህርት ዓመት ከተጠናቀቀ በኋላ ሲፒቲ የሚባለው፣ ከሥርዓተ ትምህርቱ ጋር የተያያዘ ልምምድ አለ። ኦፒቲ ደግሞ በተማሩበት ሙያ የ12 ወር ሥራ ነው፤ በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ለተመረቁ 24 ወር ሊጨመርበት ይችላል። አንድ ዓመት የተማረና ያልጠበቀው ከባድ የገንዘብ ችግር የደረሰበት ተማሪም የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱን ፈቃድ መጠየቅ ይችላል።

ተረት፦ ከደመወዜ የተቆረጠው ሁሉ በትክክል የተቆረጠ ነው።

እውነታ፦ የደመወዝ ወረቀቱን ማንበብ ይጠቅማል። የኤፍ 1 ተማሪ በተለምዶ የመጀመሪያዎቹን አምስት የቀን መቁጠሪያ ዓመታት የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር አይከፍልም። ግብሩ 7.65 ከመቶ ነው፤ ከዚያች የሳምንት 145 ዶላር ላይ 11 ዶላር ገደማ ይሆናል። በስህተት ከተቆረጠ ማስመለስ ይቻላል። የገቢ ግብር ግን አይቀርለትም።

አጎትየው አልዋሸም፤ የነገረው የራሱን ወረቀት ታሪክ ነው። ልጁ አንድ ሰዓት እንኳ ከመሥራቱ በፊት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ላለው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ በኢሜይል ይጠይቅ፤ የሚመጣለትንም መልስ ከአይ-20ው ጋር አንድ ፋይል ውስጥ ያስቀምጥ።