ጥሪው ይገባል፣ ፊቷ አይመጣም

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ የሞባይል ጥገና ቤት ስልኬን ሰጥቼ ስጠብቅ፣ ነጠላ የተከናነቡ እናት ገቡ። ስልካቸውን ከመሐረብ ፈትተው ባንኮኒው ላይ አኖሩት። «ልጄ፣ ይኼ ነገር እንደገና ተበላሸ። ትጠራኛለች፣ አነሳለሁ፣ ከዚያ ዝም» አሉ። ሠሪው «እማማ፣ ልጅዎ የት አገር ናት?» አላቸው። «ዱባይ።» ስልኩን ሳይከፍት መለሰላቸው። «ስልክዎ ደህና ነው። የተዘጋው እዚያ ነው።» አላመኑትም። ቀደም ብሎ ሌላ ቤት ሄደው ማይክ አስቀይረዋል፤ ብርም ከፍለውበታል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ዓረብ አገር ልጅ ላለው ቤት ኢሞና ዋትሳፕ ምን እንደሆኑ አይነገረውም፤ ዕለት ተዕለት የሚኖርበት ነገር ነው። ማንም ያልነገረው፣ ጥሪ እምቢ ሲል ጥፋቱ የማን እንደሆነ ነው። ያነጋገርኳቸው ቤተሰቦች ሁሉ የሚወቅሱት በእጃቸው ያለውን ስልክ ነው። ባስ ሲል ራሳቸውን ይወቅሳሉ፤ «እኔ አልችልበትም» ይላሉ። ይኼ አባባል ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም።

«እኔ ጋ ከሚመጣው ስልክ ብዙው አልተበላሸም» ይላል ሠሪው። «ወይ ስቶሬጁ ሞልቷል፣ ወይ አፑ ካሜራና ማይክ እንዲጠቀም አልተፈቀደለትም፣ ወይ ባትሪ ቆጣቢው ኢንተርኔቱን ይዘጋበታል። የማይኳ ቀዳዳ በዱቄት ትደፈናለች። በመርፌ አትጎርጉሯት ብዬ እለምናለሁ፤ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ነው የምትጠረገው።» አንዳንዱ ስልክ ደግሞ ጊዜው አልፎበታል። ዋትሳፕ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ከአንድሮይድ 5 በታች ያሉትን ትቷል። ስልኩ ይበራል፣ ይደውላል፣ መብራቱም ይሠራል፤ አፑ ግን የለም።

ከሁሉ ያስገረመኝ የዓመተ ምሕረቱ ነገር ነው። ሠሪው ከመሳቢያው አንድ አሮጌ ቴክኖ አውጥቶ አሳየኝ። ባትሪው ደርቆ ሰዓቱ ሲጠፋ፣ አንድ የጎረቤት ልጅ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ሞልቶታል፦ 2018። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ኢንተርኔት እያለ ኢሞው አልገናኝም አለ። ስልክ ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር ከመነጋገሩ በፊት የማረጋገጫ ሰነድ ይጠይቃል፤ ሰነዱ የሚጸናበት መጀመሪያና መጨረሻ ቀን አለው። በፈረንጆቹ 2018 ላይ ነኝ ብሎ ለሚያስብ ስልክ፣ ዘንድሮ የወጣ ሰነድ ገና ጊዜው አልደረሰም። «ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ይዞ እንደመጣ ነው የሚቆጥረው» አለኝ ሠሪው። መፍትሔው ቀንና ሰዓቱን «አውቶማቲክ» ማድረግ ብቻ ነው። ችግሩን የሚናገረው ማስጠንቀቂያ ስልኩ ላይ የወጣው ግን በእንግሊዝኛ ነበር።

ከስልኩ ቀጥሎ ኔትወርኩ አለ። የልጅቱ ፊት የሚመጣው መጀመሪያ እሷ ካለችበት ኢንተርኔት ወጥቶ ነው። ስለዚህ ፊቷ ሲደርቅ፣ የእናትየው ጥቅል ሙሉ ቢሆንም፣ የአሠሪዋ የማዳሟ ዋይፋይ ጓዳ ድረስ አይደርስ ይሆናል። መስመሩ ሲጠብ አፖቹ ምስሉን ትተው ድምፁን ለማዳን ይሞክራሉ። ድምፅ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ለመድረስ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ጥሩ ነው ይላል የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክር፤ ከ400 ካለፈ ጨዋታው ይፈርሳል። ሁለቱም እኩል «ሃሎ» ብለው እኩል ዝም የሚሉት ያኔ ነው።

የዱባይ ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የኢንተርኔት ጥሪ መስጠት የሚችለው ፈቃድ ያለው ብቻ ነው። የዋትሳፕ ጥሪ ለዓመታት ተዘግቷል፤ ስካይፕም እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ላይ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ2018 መግቢያ ላይ የአገሪቱ ቴሌኮም ኩባንያ ኤቲሳላት ቦቲምና ሲሚ የተባሉትን አፖች በወር 50 ድርሃም በሚከፈልበት ጥቅል አቀረበ። ዋትሳፕ ሲታገድ ምልክት አለው፦ ጽሑፍ ያልፋል፣ የድምፅ መልእክት ያልፋል፣ ጥሪውም ይጠራል፤ ሲነሳ ግን «በመገናኘት ላይ» እንዳለ ይቀራል። እናትየው «ከዚያ ዝም» ያሉት ይኼንኑ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ በመስከረም 2010 ዓ.ም. የኢንተርኔት ጥሪን ፈቀድኩ ስትል፣ ዋትሳፕና ቫይበር በማግስቱም ተዘግተው ነበር። ብዙ እህቶቻችን የሚሠሩባት ሊባኖስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 17 ቀን 2019 በዋትሳፕ ጥሪ ላይ በወር እስከ 6 ዶላር የሚደርስ ክፍያ ልትጥል አሰበች። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ ክፍያው በዚያው ማታ ተሰረዘ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳዓድ ሐሪሪም ወሩ ሳያልቅ ሥልጣን ለቀቁ።

እየተያዩ መነጋገር ከጥንትም የባለ ገንዘብ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ፒክቸርፎን»ን በኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት ላይ አሳየ። በዚያው ዓመት ሰኔ የፕሬዚዳንት ጆንሰን ባለቤት ከዋሽንግተን ሆነው ኒው ዮርክ ካለች ሳይንቲስት ጋር እየተያዩ አወሩ። የሦስት ደቂቃ ዋጋው እንደ ርቀቱ ከ16 እስከ 27 ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ፒትስበርግ ላይ ለቢሮዎች ሲከራይ በወር 160 ዶላር ተጠየቀበትና ደንበኛ አጣ። በእኛም አገር የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጥን ከ3 እስከ 8 ዓመት ያሳስር ነበር። ያኔ «ስካይፕ ሊከለከል ነው» ተብሎ ብዙ ተወራ፤ መንግሥት ተራው ተጠቃሚ አይነካም ብሎ አስተባበለ። በኢንተርኔት ካፌ ጥግ ተደብቆ ለልጁ የደወለ አባት ግን ያንን ጊዜ አይረሳውም። የከፈለ ይነጋገር የሚለው አስተሳሰብ በዱባይ አልተጀመረም።

ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት ልጆች ከመነሣታቸው በፊት ሥልጠና ይወስዳሉ። ስለዚህ የሥራ ስምሪት ጉዳይ የሚመለከታቸውን አንድ ኃላፊ፣ በየትኛው አገር የትኛው ጥሪ እንደሚሠራ በሥልጠናው ይነገር እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ይኼ የቴሌ ጉዳይ ነው» አሉኝ። ቴሌ ዱባይ ላይ ምን ሊያደርግ ይችላል ስላቸው ስብሰባ አለኝ ብለው ዘጉት። በጽሑፍም ጠይቄያለሁ፤ መልስ አልመጣም። አንድ ገጽ ወረቀት የሚፈታው ነገር ይኼን ያህል ዓመት መጎተቱ ያሳዝነኛል።

ዳፋው ብዙ ነው። ደህና ስልክ ይከፈታል፣ ይቀየራል፣ ይሸጣል። ልጅቱ «ረስታናለች» ትባላለች። አንዳንዷ ጓደኛዋ በጫነችላት፣ እገዳውን በሚያሳልፍ ቪፒኤን በተባለ አፕ ትደውላለች፤ እዚያ ደግሞ የተከለከለ ነገር ለመፈጸም ቪፒኤን መጠቀም ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም ያስቀጣል። ይኼንን የነገራት የለም።

ሠሪው አሁን ማንኛውንም ስልክ ከመክፈቱ በፊት የሚደወለው ከየት አገር እንደሆነ ይጠይቃል። ዱባይ ከሆነ ቦቲም ይጭናል፣ ልጅቱም እዚያ እንድትጭን በድምፅ መልእክት ይነግራታል፤ ሁለቱም ጋ ከሌለ አይሠራም። ለዚህ ገንዘብ አይቀበልም። ስልክ የሚመጣለት ሐሙስ ሐሙስ ነው። «እዚያ ካሉት ልጆች ብዙዎቹ ስልካቸውን የሚያገኙት ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነው» ይላል። «ዓርብ እምቢ ካለ ሌላ ሳምንት ነው። ስለዚህ ሐሙስ አምጡት እላቸዋለሁ፤ ሐሙስ ማታ እስከ ሦስት ሰዓት አልዘጋም።»