ሰርቨራችን ከቀትር በኋላ ለምን ያንቀላፋ ነበር?



ባለፈው በጋ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ሲሆን የቤተ መጻሕፍቱ ሰርቨር እንደሚያንቀላፋ ታስታውሳላችሁ። የከፈታችሁት ገጽ እስኪመጣ ድረስ አንድ የሒሳብ ጥያቄ በእጃችሁ ሠርታችሁ ትጨርሱ ነበር። በፈተናው ሰሞን ደግሞ ጭራሹን ቆመና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ሳያዩ ፈተና ገቡ። ብዙዎቻችሁ የሶላሩ ጥፋት ነው ብላችኋል። የሶላሩ አልነበረም፤ ማሽኑን ያፈንኩት እኔ ነኝ።

ሰርቨር ማለት ሌሎች ኮምፒዩተሮችና ስልኮች ሲጠይቁት ያከማቸውን የሚሰጥ ኮምፒዩተር ነው። የእኛው ራስፕቤሪ ፓይ 4 ይባላል፤ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ የወጣና ከመታወቂያ ካርድ እምብዛም የማይበልጥ ነው። ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበው ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራምም፣ የመማሪያ መጻሕፍቶቻችሁም ያሉት እዚያው ላይ ነው። የሚበላው ኤሌክትሪክ እንደ ሥራው ብዛት ከ3 እስከ 7 ዋት ቢሆን ነው። ትንሽ ይመስላል። ዳሩ ግን የገባው ኤሌክትሪክ ሁሉ ማለት ይቻላል መጨረሻው ሙቀት ነው፤ አብዛኛውም የሚፈልቀው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም ከማይሰፋ ቺፕ ላይ ነው። ቺፑ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ሥራውን ያዘገያል፤ 85 ሲደርስ ደግሞ ይብሳል። እንቅልፉ ይኸው ነው።

እኔ ምን አደረግሁ? ሌባ ፈርቼ በቆርቆሮ ሳጥን ከትቼ በጓጉንቸር ቆለፍኩት። ከደረቁ ወንዝ የሚነሣውን አቧራ ፈርቼ የሳጥኑን ቀዳዳ በነጠላ ቁራጭ ሸፈንኩ። ከዚያም ቁም ሣጥኑ ራስ ላይ፣ ልክ ከጣሪያው ሥር ሰቀልኩት። ዩኒቨርሲቲ ሳልጨርስ ብወጣም ይህን ያህሉን ፊዚክስ ተምሬው ነበር፤ አላሰብኩትም እንጂ።

ጋቢ አስቡ። ጋቢ ራሱ ሙቀት አይሠራም፤ በክሮቹ መካከል አየር ይዞ የሰውነታችሁ ሙቀት እንዳይወጣ ይከለክላል። የቆመ አየር ሙቀት አያሳልፍምና። እንግዲህ ሰርቨሩን በ40 ዲግሪ ቀን ጋቢ አልብሼው ነበር ማለት ነው። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያው ሥር ያለው ደግሞ የክፍሉ ሁሉ የከፋ ነው።

መጨረሻ ላይ የሆነው ይህ ነው፤ ሰላሳ ስልክ በአንድ ጊዜ ሲጠይቀው መልስ አጣ፤ እኔም በንዴት ገመዱን ነቀልኩት። እየጻፈ ሳለ መብራት የተቋረጠበት ሚሞሪ ካርድ ሊበላሽ ይችላል፤ ተበላሸም። እንደገና እስኪሞላ ፈተናው አለፈ።

አሁን ሳጥኑ በታችኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ጓጉንቸሩም አለ። ከታች በኩል ቀዝቀዝ ያለ አየር የሚገባበት፣ ከላይ በኩል የሞቀው የሚወጣበት ቀዳዳዎች በምስማር በሳሁለት። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ መውጫ የሌለው መግቢያ ዋጋ የለውም። እንሽላሊት እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ሸፈንናቸው። ከላይኛው ቀዳዳ ጋር በ5 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ማራገቢያ አለ፤ የሞቀውን ወደ ውጭ ይገፋል። በቺፑ ላይ ደግሞ ክንፍ ክንፍ ያለው አሉሚኒየም ለጠፍን። አሉሚኒየም ሙቀትን ከቆመ አየር ብዙ ሺህ ጊዜ የተሻለ ያስተላልፋል፤ ክንፎቹ ከአየር ጋር የሚገናኘውን ገጽ ያሰፋሉ። በሁለቱ መካከል የተቀባው ነጭ ቅባት በዓይን የማይታየውን ክፍተት ለመሙላት ነው፤ ሲበዛ ግን ራሱ ጋቢ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ማራገቢያ ማቀዝቀዣ እንዳልሆነ እወቁ። ክፍሉ 38 ዲግሪ ከሆነ ቺፑን ከ38 በታች አያወርደውም፤ ልዩነቱን ያጠባል እንጂ። ስለዚህ ከባድ ሥራ፣ ለምሳሌ አዳዲስ መጻሕፍት መገልበጥ፣ የምንሠራው ጎሕ ሲቀድ ነው።

አንድ ተማሪ «ኮዳችንን እርጥብ ጆንያ ስናለብሰው ውሃው ይቀዘቅዛል፤ ሰርቨሩንስ ለምን አናለብሰውም?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ በደረቅ አየር ደግሞ ፈጥኖ ይተናል። ነገር ግን ጠብታ ሰሌዳው ላይ ካረፈ ኤሌክትሪኩ መንገዱን ይስታል። እርጥብ ጆንያ ነፋስ በሚገባበት መስኮት ላይ፣ ከሳጥኑ ርቆ ቢንጠለጠል ክፍሉን ያቀዘቅዛል። ውሃ በሰልፍ በሚቀዳበት ሰፈር ግን ይህን አላዝም።

የቀረው አቧራ ነው። ወንፊቱ ሲደፈን ወደ ነጠላው ዘመን ተመለስን ማለት ነው። በየሳምንቱ ሰርቨሩ በትእዛዝ ከተዘጋ በኋላ፣ ገመዱ ተነቅሎ፣ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል። የዚህ ሳምንት ተረኞች 7ኛ ክፍሎች ናችሁ። ብሩሹ ከጥቁር ሰሌዳው ጀርባ ተሰቅሏል፤ የጓጉንቸሩን ቁልፍ ከእኔ ውሰዱ።