የሰሜን ምሥራቅ አላስካ የባሕር ዳርቻ ሜዳ፦ የዱር እንስሳት ለምን ይመርጡታል?

መግቢያ

በአላስካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ በብሩክስ ተራሮችና በቦፎርት ባሕር መካከል፣ ዛፍ የማይበቅልበት ጠባብ ሜዳ ተዘርግቷል። ሜዳው የአርክቲክ ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ አካል ነው። መጠለያው እ.ኤ.አ. በ1960 ተመሥርቶ በ1980 በወጣ ሕግ የተስፋፋ ሲሆን፣ ዛሬ 7.8 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ይሸፍናል። ይኸው ሕግ ግን በባሕሩ ዳርቻ የሚገኘውን 600 ሺህ ሄክታር ገደማ መሬት ዕጣ ሳይወስን ለአሜሪካ ኮንግረስ ተወው፤ ከሥሩ ነዳጅ ዘይት እንዳለ ይገመት ነበርና። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ያለው ክርክር ሁሉ የሚሽከረከረው ከጠቅላላው ስፋት 8 በመቶ በሚሆነው በዚህ ሜዳ ዙሪያ ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ያነሣል፦ ይህን ያህል ሰፊ ምድረ በዳ ባለበት አካባቢ፣ የዱር እንስሳቱ ወሳኝ የሕይወት ምዕራፋቸውን በዚህ ጠባብ ሜዳ ላይ የሚያሳልፉት ለምንድን ነው?

የካሪቡ መንጋና የሰኔ ቀናት

በአላስካና በካናዳ መካከል የሚመላለሰው የፖርኪዩፓይን መንጋ የካሪቡ፣ ማለትም የሰሜኑ አጋዘን፣ መንጋ ነው። ብዛቱ ከዘመን ወደ ዘመን ይለዋወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ወደ 178 ሺህ፣ በ2001 ወደ 123 ሺህ፣ በ2017 ደግሞ ወደ 218 ሺህ ተገምቷል። መንጋው የብርዱን ወራት በደቡብ በኩል ባሉ ተራሮችና ደኖች ያሳልፍና፣ በጸደይ ወራት እርጉዞቹ ቀድመው ወደ ሰሜን ይጓዛሉ። አብዛኞቹም በእኛ አቆጣጠር በግንቦት መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ ሰኔ የመጀመሪያ ቀናት ይወልዳሉ።

ሜዳው የሚመረጠው በሦስት ምክንያቶች ነው። የመጀመሪያው ምግብ ነው። በረዶው እንደቀለጠ የሚያብበው የጥጥ ሣርና ተከትሎት የሚያቆጠቁጠው ለጋ ቅጠል በፕሮቲን የበለጸገና በቀላሉ የሚፈጭ ነው። የምታጠባ እናት ከፍተኛውን ምግብ የምትሻው ከወለደች በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ስለሆነ፣ የወሊዱና የልምላሜው ጊዜ መግጠም አለበት። ሁለተኛው የአዳኞች ቁጥር ማነስ ነው፤ ተኩላ፣ ቡናማ ድብና ወርቃማ ንስር በብዛት የሚገኙት ከሜዳው ይልቅ በተራሮቹ ግርጌ ነው። ሦስተኛው ነፋሱ ነው። በበጋው አጋማሽ ቢምቢ እንደ ደመና ሲነሣ፣ እንስሳቱ ከባሕር የሚመጣውን ቀዝቃዛ ነፋስ ፍለጋ ወደ ዳርቻው ይጠጋሉ፤ ይህን ማድረግ ያልቻለ እንስሳ መብላቱን ትቶ ሲሸሽ ይውላል።

አንዳንዶች መንጋው በየዓመቱ በሜዳው ላይ እንደማይወልድ እየጠቀሱ፣ ቦታው ያን ያህል አስፈላጊ አይደለም ይላሉ። እርግጥ ነው፤ በረዶው ዘግይቶ በሚቀልጥባቸው ዓመታት ብዙዎቹ መንገድ ላይ፣ በካናዳ ምድር ይወልዳሉ። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት በሕይወት የሚተርፉት ግልገሎች ቁጥር ዝቅ ይላል። ስለዚህ ማስረጃው ክርክሩን ከመደገፍ ይልቅ የሜዳውን ዋጋ ያጎላል።

ከበድ ያለው መከራከሪያ በስተ ምዕራብ ካለው የፕሩዶ ቤይ የነዳጅ መስክ ይመጣል። በዚያ የሚኖረው ማዕከላዊ የአርክቲክ መንጋ የነዳጅ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቁጥሩ ጨምሯል። ሆኖም ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ የሚወልዱት እንስሳት ከመንገዶችና ከግንባታዎች 4 እና 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ማዕከላዊው መንጋ ሲሸሽ የሚሸሽበት ሰፊ ሜዳ ነበረው። በመጠለያው ውስጥ ግን ተራራው ወደ ባሕሩ ስለሚጠጋ የሜዳው ወርድ ከ25 እስከ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ የተገፋ እንስሳ የሚደርሰው አዳኞቹ ወዳሉበት ግርጌ ነው።

ከባሕር ወደ ምድር የመጣው ጎሬ

የዋልታ ድብ ሕይወቱ በባሕር በረዶ ላይ ነው፤ የሚያድነውም የባሕር ውሻ ነው። እርጉዟ ግን በበረዶ ክምር ውስጥ ጎሬ ቆፍራ፣ በብርዱ ወራት መካከል 600 ግራም ያህል የሚመዝኑ ግልገሎች ወልዳ፣ እስከ ጸደይ መግቢያ ድረስ ከውስጥ አትወጣም። በደቡብ ቦፎርት ባሕር የተካሄደ ጥናት እንዳመለከተው፣ ተንሳፋፊ በረዶ ላይ የሚቆፈሩት ጎሬዎች ድርሻ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1994 ከነበረበት 62 በመቶ፣ ከ1998 እስከ 2004 ባሉት ዓመታት ወደ 37 በመቶ ወርዷል። በረዶው እየሳሳ ሲሄድ እናቶቹ ወደ ምድር መጥተዋል። በሜዳው ላይ የወንዝ ዳር ገደሎች የነፋሱን በረዶ ስለሚያከማቹ ለጎሬ የተመቹ ናቸው። ለነዳጅ ፍለጋ የሚደረገው የንዝረት ጥናትም የሚካሄደው መሬቱ በቀዘቀዘበት በዚያው ወቅት ነው። የአካባቢው የድቦች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 900 ብቻ መገመቱ የጉዳዩን ክብደት ያሳያል።

ወደ እኛ የሚደርሰው ክር

ሜዳውና ከበላዩ ያሉት ተራሮች የሩቅ ተጓዥ ወፎችም መራቢያ ናቸው። ከነዚህም አንዷ፣ 25 ግራም ገደማ የምትመዝነው ኖርዘርን ዊትይር፣ በተለይ ለእኛ ትኩረት ትስባለች። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ በአላስካ መከታተያ የተገጠመላቸው ወፎች እስያን አቋርጠው፣ 14,500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መድረሳቸውን አረጋግጧል። ይህ ዝርያ የአውሮፓና የእስያ ብርድ ሲጠና ወደ ኢትዮጵያ ከሚመጡት ስደተኛ ወፎችም አንዱ ነው።

ሕዝቦቹና ሕጉ

ምድረ በዳ ቢባልም ሜዳው ባለቤት አልባ አይደለም። ካሪቡን አድነው የሚኖሩት የጉዊቺን ሕዝቦች ስፍራውን «ሕይወት የሚጀምርበት የተቀደሰ ቦታ» ብለው ይጠሩታል። በባሕሩ ዳርቻ በምትገኘው ካክቶቪክ መንደር የሚኖሩት ኢኑፒያት ግን አቋማቸው የተለያየ ነው፤ ብዙዎች ከነዳጅ የሚገኘውን ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ሥራ ሲመለከቱ፣ ሌሎች ለአደናቸው ይሰጋሉ። የሁለቱንም ድምፅ ሳይሰሙ ስለ ጥበቃ መናገር ጎደሎ ነው።

ካናዳ በድንበሯ በኩል ያለውን የመውለጃ መሬት እ.ኤ.አ. በ1984 ብሔራዊ ፓርክ አድርጋለች፤ ሁለቱ አገሮችም በ1987 መንጋውን በጋራ ለመጠበቅ ተስማምተዋል። የአሜሪካ ኮንግረስ ግን በ2017 ሜዳውን ለነዳጅ ሊዝ ከፈተ። በጥር 2021 በተካሄደው የመጀመሪያ ጨረታ ትልልቆቹ ኩባንያዎች አልቀረቡም፤ በጥር 2025 በተጠራው ሁለተኛው ጨረታ ደግሞ አንድም ተጫራች አልተገኘም። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ፖሊሲው ስለሚገለበጥ ጉዳዩ እልባት አላገኘም።

ማጠቃለያ

ከዚህ የምንረዳው፣ የጥበቃ ክልልን ዋጋ በሄክታር ብቻ መለካት እንደሚያሳስት ነው። ካሪቡ በሜዳው ላይ የሚቆየው ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ የዓመቱ ግልገል መትረፍ አለመትረፉ የሚወሰነው ግን በእነዚያ ሳምንታት ነው። ስለሆነም ተመራማሪ «ስንት መሬት ቀረ?» ከማለቱ አስቀድሞ፣ እንስሳው የቱን መሬት፣ በየትኛው ወቅት፣ ለምን እንደሚሻ ሊጠይቅ ይገባዋል።