የሐይቅ ዳር መሬት አጠባበቅ

(በራዲዮ የተሰማ ንግግር)



ስለ ሐይቅ በተነገረ ጊዜ የሁላችንም አሳብ የሚሄደው ወደ ውሃው ነው፤ ስለ ዳርቻው የሚያስብ ጥቂት ነው። ዳሩ ግን የሐይቅ ደኅንነት የሚጠበቀውም ሆነ የሚጠፋው በዳርቻው ስለ ሆነ፥ ዛሬ የጣናን ዳርቻ ምሳሌ አድርገን ነገሩን እንመለከታለን።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተኛ፥ ስፋቱ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል፥ በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ይህን ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አያልፍም። ግልገል ዓባይ፥ ርብ፥ ጉማራና መገጭ ይገቡበታል፤ ዓባይም በባሕር ዳር አጠገብ ከእርሱ ይወጣል። ውሃው ክረምቱ ሲያበቃ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፤ በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቢሆንም፥ የፎገራና የደንቢያ ሜዳ ለጥ ያለ ስለ ሆነ፥ ውሃው ጥቂት ሲሸሽ ሰፊ መሬት ይገለጣል። እንግዲህ ችግሩ የሚነሣው አንድ ጊዜ ውሃ፥ አንድ ጊዜ የብስ በሚሆነው በዚህ መሬት ላይ ነው።

በዚህ መሬት በተፈጥሮ የሚበቅለው ደንገል ነው። የደንገል ጥቅም ታንኳ ለመሥራት ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ሌላ ሦስት ታላላቅ ሥራ አለው። አንደኛ፥ ጎርፍ የደጋውን አፈር ጠርጎ በመጣ ጊዜ አገዳው እንደ ወንፊት ሆኖ የውሃውን ፍጥነት ይገታል፤ አፈሩም ሐይቁ ሳይገባ ይዘቅጣል። ሁለተኛ፥ ከእርሻ ታጥቦ የመጣውን ማዳበሪያ ሥሩ ይመጠዋል። ሦስተኛ፥ እንደ ቆሮሶና እንደ አምባዛ ያሉት ዓሦች በዳር ሣርና በደንገል መካከል ይራባሉ፤ ጫጩቶቻቸውም በዚያ ተሸሽገው ያድጋሉ።

ደንገሉ ተመንጥሮ መሬቱ እስከ ውሃው አፍ የታረሰ እንደ ሆነ፥ አፈሩና ማዳበሪያው ያለ ከልካይ ሐይቁ ይገባሉ። በዚህም የሚፋፋው እንቦጭ ነው። ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ መጤ አረም በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ እጅግ ብዙ ሕዝብ ውሃ ውስጥ እየገባ በእጁ ሲነቅለው ታይቷል። ሆኖም ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሚቆይ፥ ምግቡም ስላልተቋረጠበት፥ የተነቀለው ተመልሶ ይበቅላል።

ገበሬው ዳርቻውን የሚያርሰው ሐይቁን ጠልቶ አይደለም፤ መሬት ስለ ጠበበውና ውሃ የሸሸበት አፈር እርጥበቱን ይዞ ስለሚቆይ ነው። ነገር ግን እንቦጭ ያንኑ እርሻና ግጦሽ ሲወርሰው የመጀመሪያው ተጎጂ ራሱ ገበሬው ነው።

መድኃኒቱ መሬቱን በየሥራው መለየት ነው። ጣናና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ሆኖ ሲመዘገብ የተያዘው ሥርዓት ይህ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ፈጽሞ የማይነካ ነው፤ ሁለተኛው መከለያ ሲሆን ተፈጥሮን የማይጎዳ ሥራ ይፈቀድበታል፤ ሦስተኛው ለእርሻና ለከተማ የሚሆን ነው። በመከለያው ውስጥ ንብ ማነብ፥ ሣር አጭዶ ለከብት መውሰድ፥ ደንገሉንም ሥሩን ሳይነቅሉ በተራ ማጨድ ይቻላል።

ወሰኑ ሲተከል ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሰኔ የተተከለ ድንበር የሐይቁን አልጋ ለማረሻ አሳልፎ ይሰጣል፤ ስለዚህ ሐይቁ በሞላበት ወራት፥ ሽማግሌዎችና ባለመሬቶች ባሉበት መለካት ይገባዋል። ከመሬቱ ለሚነሣውም ገበሬ ሌላ መተዳደሪያ አስቀድሞ ሊዘጋጅለት ያሻል፤ የተራበ ሰው ድንበር አያከብርምና።

ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። በዘጌ ልሳነ ምድር በገዳማቱ ልማድ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ሆኖ ኖሯል፤ ሕዝቡ በዛፍ ጥላ ሥር ቡና እያለማ ስለሚኖር ደኑ እስከ ውሃው ዳር ቆሞ ይታያል። አባቶች በአንድ ልሳነ ምድር የጠበቁትን እኛ በሐይቁ ዙሪያ ሁሉ ለመጠበቅ እንትጋ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።