የማይዘጋው በር
በታላቁ ቅዱስ ቤርናርድ መተላለፊያ የብርድ ወራት አዳር

የንግድ ዕቃ በባቡርና በካሚዮን ከመጓዙ አስቀድሞ ለብዙ ዘመን በሰው ትከሻና በአጋሰስ ጀርባ ተጉዟል። ስለዚህ የንግድ ታሪክ ሲነገር የገበያው ታሪክ ብቻ ሳይሆን የማደሪያውም ታሪክ አብሮ ሊነገር ይገባል፤ ማደሪያ ያላገኘ ነጋዴ ከገበያ አይደርስምና። ከስዊስና ከኢጣልያ ወሰን አጠገብ በአልፕስ ተራሮች ላይ የሚገኘው የታላቁ ቅዱስ ቤርናርድ የእንግዳ መቀበያ ቤት ለዚህ ነገር መልካም ምስክር ነው።

መተላለፊያው ከባሕር ወለል በላይ 2,469 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፥ በስዊስ በኩል ያለችውን የማርቲኚን ከተማ በኢጣልያ በኩል ካለችው ከአኦስታ ጋር ያገናኛል። ሮማውያን በዚሁ ስፍራ መንገድ ጠርገው፥ ለጣዖታቸው ለዩፒተር መቅደስ ሠርተው ነበር። ከእነርሱም በኋላ ነጋድያንና ወደ ሮማ የሚሳለሙ መንገደኞች ይመላለሱበት ነበር። ነገር ግን የሚፈራ መንገድ ነበር። ከሽፍታ ያመለጠውን በረዶ፥ ከበረዶ ያመለጠውን ናዳ ይጠብቀው ነበርና። ይህን ያየው የአኦስታው ሊቀ ዲያቆናት ቤርናርድ በ1050 ገደማ ቤቱን አቋቋመ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የቤቱ ሥርዐት አጭር ነው። የመጣውን ሁሉ የእግዚአብሔር እንግዳ ነው ብሎ መቀበል፥ ሃይማኖቱንና ኪሱን ሳይጠይቁ ማብላትና ማሳደር ነው። ሥርዐቱ አጭር ቢሆንም ወጪው ግን ቀላል አልነበረም። በዚያ ከፍታ ዛፍ ስለማይበቅል፥ የማገዶው እንጨት በበጋ ወራት ከሩቅ ሸለቆ በፈረስ እየተጫነ መምጣት ነበረበት። እህሉና ሌላውም ስንቅ መንገዱ በበረዶ ከመዘጋቱ በፊት በጎተራ መከተት ነበረበት። ለዚህ ሁሉ የሚሆነው ገንዘብ ከየአገሩ መንግሥታትና ባለጸጎች ከሰጡት ርስት ይገኝ ነበር። ለምሳሌ በ12ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ ከሎንዶን በስተ ምሥራቅ በሆርንቸርች የሚገኝ ርስት ለቤቱ ሰጥቶ ነበር። ይህም ርስት በ1391 ለአንድ የእንግሊዝ ጳጳስ እስኪሸጥ ድረስ፥ የእንግሊዝ እርሻ ለአልፕስ መንገደኛ ምግብ ይሆን ነበር።

በብርድ ወራት መነኮሳቱና አገልጋዮቻቸው መንገድ የጠፋበትን ሰው ለመፈለግ ወደ በረዶው ይወጡ ነበር። ከ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወዲህ በመላው ዓለም ስማቸው የታወቀው ትላልቅ ውሾች ከእነርሱ ጋር መሰማራት ጀመሩ። ባሪ የተባለው ውሻ ከ1800 እስከ 1812 በቤቱ ሳለ ከ40 የሚበልጡ ሰዎችን አድኗል ይባላል። በ1814 ከሞተ በኋላ አካሉ እንዳይፈርስ ተደርጎ በቤርን ከተማ ቤተ መዘክር ይታያል። ሆኖም የሚድን ሁሉ አልዳነም። መሬቱ ዐለት፥ ዐለቱም በውርጭ የተያዘ በመሆኑ መቃብር መቈፈር አይቻልም ነበር። በመንገድ የቀሩትም ለብቻው በተሠራ የሬሳ ቤት ይቀመጡ ነበር።

ለነጋዴ አንባብያን ይልቁንም የሚታሰብ አንድ የሒሳብ ነገር አለ። በግንቦት 1800 ናፖሌዎን ቦናፓርት ወደ 40,000 የሚሆን ጦር አስከትሎ፥ መድፎቹን በተቦረቦረ ግንድ አስጎትቶ በዚህ መተላለፊያ ሲያልፍ ቤቱ ሠራዊቱን አስተናገደ። ከ21,000 ጠርሙስ የሚበልጥ የወይን ጠጅና ብዙ አይብ፥ ሥጋም ቀረበ። ሒሳቡም 40,000 ፍራንክ ሆነ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የተከፈለው 18,500 ፍራንክ ብቻ ነበር። በ1984 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ፍራንሷ ሚተራን ለመታሰቢያ ያህል አነስተኛ ክፍያ ፈጸሙ። ቤቱ ግን ዕዳው ሳይከፈል በቈየበት ዘመን ሁሉ በሩን ለፈረንሳዊ መንገደኛ አልዘጋም።

በ1964 ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የመኪና ዋሻ ከመተላለፊያው በታች ተከፈተ። ከዚያም ወዲህ የንግዱ ዕቃ በብርድም በሙቀትም ወራት በተራራው ሆድ ውስጥ ያልፋል። የላይኛው መንገድ ግን ከጥቅምት አጋማሽ ገደማ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ገደማ በበረዶ ተዘግቶ ይቈያል። እንግዲህ ነጋዴው ከታች ካለፈ ቤቱ ለማን ይቈያል የሚል ጥያቄ ቢነሣ የሚያስገርም አይሆንም።

መልሱን የሚሰጠው በብርድ ወራት የሚያድርበት እንግዳ ነው። ይህ እንግዳ መኪናውን ከዋሻው አፍ አጠገብ ትቶ በስኪ ወይም እግር በረዶ ውስጥ እንዳይሰምጥ በሚያደርግ ሰፊ ጫማ ወደ ላይ ይወጣል። ጕዞው ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ለብርቱ ሰው ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ከመነሣቱም በፊት የስዊስ የበረዶ ምርምር ተቋም በየዕለቱ የሚያወጣውን የናዳ ማስጠንቀቂያ ያነባል። መንገዱ የሙታን ሸለቆ በሚባል ስፍራ ያልፋልና፥ ስሙ ያለ ምክንያት አልተሰጠም። አካፋና መፈለጊያ ዘንግ፥ በናዳ ለተቀበረ ሰው ምልክት የሚሰጥ መሣሪያም ይይዛል። አየሩ ከከፋ መመለስን እንደ ውርደት አይቈጥረውም።

በመጨረሻ ወፍራሙ የድንጋይ ግንብ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ይላል። እንግዳው ገብቶ በረዶውን ካራገፈ በኋላ ትኩስ ሻይ ይቀርብለታል። ማታ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በአንድ ማዕድ ይቀመጣል፤ የወደደም ከመነኮሳቱ ጋር ወደ ጸሎት ይወርዳል። የዛሬ እንግዳ ለመኝታውና ለምግቡ ይከፍላል። ውሾቹም በ2005 ማርቲኚ ላይ ለተቋቋመ ድርጅት ተላልፈው፥ በበጋ ካልሆነ ወደ ተራራው አይወጡም። የጠፋ ሰው ፍለጋም በአብዛኛው የሄሊኮፕተር ሥራ ሆኗል። ያልተለወጠው በሩ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አይዘጋም።

ነጋዴ ከገንዘቡ ይልቅ ስሙን እንዲጠብቅ አበው መክረዋል። ይህም ቤት ርስቱን ሸጧል፥ ዕዳውን ሙሉ በሙሉ አላገኘም፥ ደንበኛው የነበረውም ነጋዴ ሌላ መንገድ ይዟል። ሆኖም ዘጠኝ መቶ ዓመት አልፎትም ዛሬ በጨለማ የሚወጣ መንገደኛ «በሩ ተዘግቶ ይሆን?» ብሎ አይጠራጠርም። እንዲህ ያለ እምነት በአንድ ትውልድ አይገኝም።